የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ሃያሉሮኒክ አሲድና በዕድሜ የሚለወጥ ቆዳ

«ሃያሉሮኒክ አሲድ» የሚባለው የፊት ጠብታ ከአዲስ አበባ የመዋቢያ መደብሮች እስከ ዱባይና ዋሽንግተን ድረስ በብዙ ሴቶች ቦርሳ ውስጥ ከገባ ሰነባብቷል። ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች መካከልም ስለ እሱ የሚጠይቁት እየበዙ ስለመጡ፣ የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቻለሁ። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ደብዳቤ የብዙዎቹን ጥያቄ በአንድነት ስለያዘ መልሱን አስፍቼዋለሁ፤ ሌሎቹን እንደየክብደታቸው አያለሁ።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ ነው። አሜሪካ ያለችው ልጄ ለገና መጥታ «እማዬ፣ ፊትሽ ደርቋል» ብላ ሃያሉሮኒክ አሲድ የሚል ጠብታ ሰጠችኝ። ማታ ማታ ፊቴን በሳሙና ታጥቤ፣ በፎጣ በደንብ አድርቄ፣ ስድስት ሰባት ጠብታ እቀባለሁ። ሲቀቡት ደስ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ፊቴን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ ይይዘኛል። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ድርቀቱ ጭራሽ ባሰ። ጎረቤቴ ደግሞ «አሲድ ፊት ላይ ይደረጋል እንዴ?» ብላ አስደነገጠችኝ። ዕቃው ሐሰተኛ ይሆን? ወይስ ለእኛ አገር ሰው ቆዳ የማይስማማ ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ በመጀመሪያ የጎረቤትዎን ስጋት ላስወግድ። «አሲድ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ከመኪና ባትሪ ጋር ተያይዞ ስለሚታሰብ መደንገጣቸው አይገርምም፤ ነገር ግን ቫይታሚን ሲም በኬሚስቶች ዘንድ አሲድ ነው፣ ሎሚን የሚያኮመጥጠውም እንዲሁ። ሃያሉሮኒክ አሲድ ቆዳ የሚልጥም የሚያቃጥልም አይደለም። ሁለት ዓይነት የስኳር ዘሮች እየተፈራረቁ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ የተያያዙበት ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ውሃ ሲያገኝም ተዘፍዝፎ ያደረ ተልባ እንደሚያወጣው ልጋግ ዝልግልግ ይሆናል። በጠርሙሱ ጀርባ «ሶዲየም ሃያሉሮኔት» የሚል ስም ቢያነቡም ያው ራሱ በጨው መልኩ የተዘጋጀ ስለሆነ አይጠራጠሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1934 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ግልጽ ዝልግልግ ነገር አወጡት፤ የስሙ የመጀመሪያ ክፍል መስታወት ከሚል የግሪክ ቃል የተወሰደውም ከዚህ የተነሣ ነው። ቀደም ሲል ከአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በባክቴሪያ አማካይነት ተብላልቶ የሚመረት ነው። ይህን የምጨምረው በጾም ወራት «ከእንስሳ የወጣ ነው ወይ?» ብለው የጠየቁኝ አንባቢያን ስላሉ ነው።

ለማንኛውም ለሰውነትዎ እንግዳ ነገር አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በገላው ውስጥ 15 ግራም ያህል ሃያሉሮኒክ አሲድ አለው፤ ከዚህም ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በቆዳ ውስጥ ነው። ሰውነት ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን በየቀኑ እያፈረሰ በአዲስ ይተካዋል። ዕድሜ ሲገፋ በላይኛው የቆዳ ሽፋን ውስጥ ያለው በጣም እየቀነሰ ይሄዳል፤ የአዛውንት ቆዳ ቀጭንና ደረቅ ከሚሆንባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ነጋዴዎች «የጎደለውን እንሞላለን» የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። መነሻቸው እውነት ነው፤ ከላይ የተቀባው ግን አብዛኛው ከላይ ስለሚቀር የጎደለበት ቦታ ገብቶ አይሞላም። ይህን ለሁለተኛዋ ጠያቂ በሰፊው አስረዳለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ድርቀት ልምጣ። ዕቃው ሐሰተኛ ነው የሚያሰኝ ነገር በደብዳቤዎ ውስጥ አላየሁም፤ እንዲያውም የገለጹት ነገር እውነተኛው ሃያሉሮኒክ አሲድ በዚያ መንገድ ሲቀባ የሚያደርገው ነው። ይህ ነገር ውሃ ይይዛል እንጂ ውሃ አያመነጭም። ፊትዎን በፎጣ አድርቀው ሲቀቡት የሚይዘው ውሃ በጠብታው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራትም አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም ቆዳ የሚያደርቅ ዓይነት ነው፤ በከንፈራችንና በተረከዛችን መሰንጠቅ የምናውቀው ወቅት ነው። በላዩ ምንም ቅባት ካልተደረገበት ያ ጥቂት ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ የሚቀረውም ስስ ሽፋን ሲደርቅ እንደሚኮማተር ሙጫ ፊትን ይስባል። ጠብታው በበዛ ቁጥር ሽፋኑ ይወፍራል፤ ስለዚህ ስድስት ሰባት ጠብታ መቀባትዎ ነገሩን አባብሶታል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ቆዳዋ የሚያመነጨው ቅባት በግልጽ ይቀንሳል። አማርኛችን ለዚህ ነገር «ወዝ» የሚል ግሩም ቃል አለው፤ በ61 ዓመት ዕድሜ የጎደለዎት ከውሃው ይልቅ ወዙ ነው። ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ ቅባት የለበትም፤ ወዝ አይሰጥም። ፊትዎን በሳሙና ሲታጠቡም የቀረችዎትን ጥቂት ወዝ አብረው እያጠቡ ያወርዷታል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። የልብስ ሳሙናንም ሆነ ሽታው የበረታውን የገላ ሳሙና ከፊትዎ ያርቁ፤ ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ብቻውን ይበቃል፣ ማታ ደግሞ ለስላሳ የፊት ማጠቢያ ይጠቀሙ። ከታጠቡ በኋላ ውሃውን በእጅዎ ጠረግ አድርገው ፊትዎ ገና እርጥብ ሳለ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ ይቀቡ፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቆዩ በላዩ ወፈር ያለ ክሬም ያድርጉ። በበጋ ሌሊት በክሬሙ ምትክ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቫዝሊን በመዳፍዎ አሙቀው ቢደርቡም ያው ነው። ሕፃን ታጥቦ ገላው ሳይደርቅ ቅባት እንደሚቀባው ማለት ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በዚህ ዓይነት ከተጠቀሙ መወጠሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊቀርልዎት ይገባል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም ሽፍታ ቢመጣ ግን ከሃያሉሮኒክ አሲዱ ይልቅ በጠርሙሱ ውስጥ ያለ ሽቶ ወይም ማቆያ ኬሚካል ሊሆን ስለሚችል ያቁሙት።

ከልጅዎ ስጦታ ጋር ላጣላዎት አልፈልግም፤ ያለዎትን ይጨርሱት። ጠርሙሱ ሲያልቅ ግን በውድ ዋጋ ለመተካት አይጨነቁ። በየፋርማሲው የሚሸጠው ግሊሰሪን እንደ ሃያሉሮኒክ አሲድ ሁሉ ውሃ የሚይዝ ነገር ነው፤ ቅንጣቱም እጅግ ትንሽ ስለሆነ በላይኛው ሽፋን ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ለደረቅ ቆዳም ለረጅም ዘመን ተጠንቶ የተመሰከረለት ነው። ብቻውን ስለሚያጣብቅ አንድ ሁለት ጠብታ በእርጥብ መዳፍ አሽተው በእርጥብ ፊት ላይ ይቀቡት፤ ከዚያም ቫዝሊኑን ይደርቡበት። በሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚገኘው ጥቅም አብዛኛውን በዚህ ያገኙታል።

ለእኛ ቆዳ አይስማማ እንደሆን ለጠየቁት፦ ሃያሉሮኒክ አሲድ በሁሉም ሰው፣ በከብቱም ጭምር ተመሳሳይ ነው። የሚለያየው አየሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምኖር ነርስ ነኝ። ማስታወቂያው ሁሉ «ከክብደቱ 1,000 እጥፍ ውሃ ይይዛል»፣ «እስከ ጥልቁ የቆዳ ክፍል ዘልቆ ይገባል» ይላል። በትምህርት ቤት የተማርኩት ደግሞ ቆዳ በቀላሉ ነገር እንደማያስገባ ነው። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ የተማሩትን ይመኑ፤ ጥቂት ማስተካከያ ግን ያስፈልገዋል። የሞለኪውል ክብደት በዳልተን እንደሚለካ ያውቃሉ። በቆዳ ሕክምና ዘንድ እንደ መመሪያ የሚጠቀሰው ልማድ፣ ከ500 ዳልተን በላይ የሚመዝን ነገር ጤነኛ ቆዳን አልፎ ለመግባት ይቸግረዋል የሚል ነው። የተለመደው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከአንድ ሚሊዮን ዳልተን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ተቆራርጦ «ዝቅተኛ ክብደት» የሚባለው እንኳ ብዙውን ጊዜ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። ትልቁ በቆዳው ላይ እንደ ስስ ሻሽ ተነጥፎ ይቀራል፤ ትንሹ ወደ ላይኛው የሞተ ሽፋን ውስጥ ጥቂት ይዘልቃል። ኮላጅን የተባለውን ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን የሚሠሩት ሕዋሳት ወደሚኖሩበት ወደ ታችኛው ክፍል በብዛት ወርዶ የጎደለውን ይተካል የሚለው ግን ሊታመን የሚገባው አይደለም።

ይህ ማለት ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ አንድ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 60 ዓመት የሆኑ 76 ሴቶች 0.1 በመቶ ሃያሉሮኒክ አሲድ ያለበት ክሬም በአንድ ዓይናቸው ዙሪያ፣ ያው ክሬም ሃያሉሮኒክ አሲድ ሳይገባበት ደግሞ በሌላው ዓይናቸው ዙሪያ በቀን ሁለት ጊዜ ለ60 ቀናት ተቀብተው ነበር። የተፈተኑት አምስት ዓይነት ክብደቶች ሲሆኑ፣ ትንሹ 50 ሺህ፣ ትልቁ 2 ሚሊዮን ዳልተን ነበር። አምስቱም የቆዳውን እርጥበትና የመለጠጥ ኃይል ጨምረዋል፤ የሽብሽቡን ጥልቀት በሚታወቅ መጠን የቀነሱት ግን ሁለቱ ትንንሾቹ፣ ማለትም 50 ሺሁና 130 ሺሁ ብቻ ነበሩ። ልብ ይበሉ፦ መጠኑ 0.1 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩ ይዘቶችን ሲያነቡ ሃያሉሮኒክ አሲዱን ወደ መጨረሻው ቢያገኙት ተታለልኩ አይበሉ፤ ከ1 በመቶ በላይ የሆኑት በብዛታቸው ቅደም ተከተል ሲጻፉ፣ ከዚያ በታች ያሉት እንደ አምራቹ ፈቃድ ሊሰለፉ ይችላሉ።

ስለ 1,000 እጥፉ ደግሞ፣ ቁጥሩ ልክ ነው ብንል እንኳ ለገዢው ምንም አይነግረውም። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሃያሉሮኒክ አሲዱ ፊትዎ ላይ የሚደርሰው ጥሙን አርክቶ ነው። በእርስዎ አካባቢ ያለው ችግር በክረምት በሜሪላንድ ቤቶች ውስጥ ሌት ተቀን የሚሠራው ማሞቂያ የክፍሉን አየር ማድረቁ ነው፤ ለኮተቤዋ መምህርት የሰጠሁት ምክር ለእርስዎም ይሠራል፤ መኝታ ክፍል ውስጥ አየር የሚያረጥብ መሣሪያ ቢኖርም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ዱባይ በፀጉር ቤት የምሠራ የ44 ዓመት ሴት ነኝ። ማድያት ስለወጣብኝ ጓደኞቼ የሚጠቀሙበትን የተደባለቀ ክሬም ዓመት ተኩል ተቀባሁ። በመጀመሪያው ወር ፊቴ ጠርቶ ሁሉም ሰው አደነቀኝ። አሁን ግን ቆዳዬ ሳስቷል፤ ቀያይ ክር የመሰሉ ደም ሥሮች ይታያሉ፤ አንድ ቀን ካልተቀባሁ ፊቴ ይነዳል። ሃያሉሮኒክ አሲድ የሳሳ ቆዳ ይሞላል ሲሉ ሰማሁ። ማድያቱንስ ያጠፋልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሳላይዎት በእርግጠኝነት ይህ ነው ልል አልችልም፤ የዘረዘሯቸው ምልክቶች ግን ኮርቲዞን ያለበት ክሬም ለረጅም ጊዜ ፊት ላይ ሲቀባ የሚመጡ ናቸው። በየሱቁ ያለ ስም ወይም በሚያምር ስም የሚሸጡ የተደባለቁ ክሬሞች እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ብርቱ የኮርቲዞን ዘር መድኃኒቶችን፣ አንዳንዴም ቆዳ የሚያነጡትን ሃይድሮኪኖንና ሜርኩሪን ይይዛሉ። ሜርኩሪ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ነው። የመጀመሪያው ወር ጥራት የሚያታልለው ለዚህ ነው፦ ኮርቲዞን መቅላትን ያጠፋል፣ ቀለምንም ያሳሳል፤ በዚያው መጠን ግን ኮላጅን የሚሠሩትን ሕዋሳት ያዳክማል። እዚህ ላይ ከዛሬው ርዕሳችን ጋር የሚገናኝ ነገር አለ፤ ኮርቲዞን ቆዳ የራሱን ሃያሉሮኒክ አሲድ እንዳይሠራም ያደርጋል። ስለዚህ በአንድ እጅ ይህን ክሬም እየቀቡ በሌላው እጅ ሃያሉሮኒክ አሲድ መቀባት፣ ቧንቧው ተዘግቶ ሳለ በርሜሉን በማንኪያ ለመሙላት እንደመሞከር ነው።

ክሬሙን በድንገት በገዛ እጅዎ አያቋርጡት። ዓመት ተኩል የለመደ ቆዳ በአንድ ቀን ሲነፈግ መቅላቱ፣ ማቃጠሉና ብጉሩ በብርቱ ተነሥቶ ወደ ክሬሙ መልሶ ይገፋዎታል። ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዘው ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያወጣዎት ይወስናል። ወጪው ያሳስብዎት ይሆናል፤ ቢሆንም ይህ ጉዳይ የሚዘገይ አይደለም። አዲስ አበባ ሆነው ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው አንባቢያንም የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል እንዳለ ያስታውሱ።

ሃያሉሮኒክ አሲዱ እስከዚያ ድረስ አይጎዳዎትም፤ ሽቶ የሌለበት ከሆነ በሕክምናው ጊዜ የሚሰማዎትን መወጠር ሊያለዝብልዎት ይችላል። የሳሳውን ቆዳ ግን አያወፍረውም፤ ደም ሥሮቹንም አያጠፋም። ማድያትንም አይነካም፤ ማድያት የቀለም እንጂ የውሃ ጉዳይ አይደለምና። ለማድያት ከሁሉ የሚቀድመው ከብርሃን መከላከል ነው፤ እንደ እኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያነሣሣው በዓይን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ፣ የብረት ኦክሳይድ ያለበትና የቆዳ ቀለም የተደረገበት የፀሐይ መከላከያ ከተራው ነጭ ክሬም ይሻላል። ፊትን አመድ አስመስሎ አለማሳየቱም ሌላ ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ጅቡቲ መስመር የምሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ 52 ነው። ባለቤቴ የግራ ፊቴ ከቀኙ ይልቅ መሸብሸቡን አይታ የእሷን ሃያሉሮኒክ አሲድ እንድቀባ ትጨቀጭቀኛለች። ለወንድ ይሆናል?

መልስ፦ ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ የባለቤትዎ ዓይን ግን ከጠብታዋ የበለጠ ጠቅሞዎታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመታት ዕቃ ማመላለሻ መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። የቀኝ ፊቱ የዕድሜው ሲሆን የግራው ወፍሮ፣ ተሸብሽቦና ረግቦ የሌላ ሽማግሌ ፊት ይመስላል። ምክንያቱ በጎን መስኮት የሚገባው የፀሐይ ጨረር ነው። መስታወት ቆዳን ቶሎ የሚያቃጥለውን አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን ጨረር ሲያስቀር፣ ሳያቃጥል ወደ ውስጥ ጠልቆ ኮላጅንን የሚሰባብረውን አልትራቫዮሌት ኤ ብዙውን ያሳልፋል። የፊት ለፊቱ መስታወት በድርብርብ ስለሚሠራ የተሻለ ይከላከላል፤ የጎኑ ግን እንደዚያ አይደለም፤ እርስዎ ደግሞ በአፋር ሙቀት መስታወቱን ዝቅ አድርገው ክንድዎን አውጥተው እንደሚነዱ እገምታለሁ።

ጠቆር ያለ ቆዳ ጨረርን ከነጭ ቆዳ በተሻለ ስለሚከላከል ሽብሽቡ ዘግይቶ ይመጣል፤ አይመጣም ማለት ግን አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ 903 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ እንዲቀቡ የተደረጉት ሰዎች ቆዳ እንደፈለጉ እንዲጠቀሙ ከተተዉት ይልቅ በ24 በመቶ ያነሰ እርጅና አሳይቷል። ስለ ሃያሉሮኒክ አሲድ ቅባት ይህን ያህል ሰው በዚህን ያህል ዘመን የተከታተለ ጥናት አላጋጠመኝም። ስለዚህ ገንዘብዎን የሚያወጡበት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም 50 የሆነ፣ ሁለቱንም ጨረሮች የሚከላከል የፀሐይ ቅባት ይግዙ። ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት በሁለት ጣት ርዝመት አውጥተው ፊትዎን፣ ጆሮዎንና አንገትዎን ይቀቡ፤ ምሳ ሲበሉ ይድገሙት። ለክንድዎ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ይበቃል። የባለቤትዎን ጠብታ ማታ ታጥበው መቀባት ይችላሉ፤ ለጨቅጫቂ ሰው ደግሞ ፈጥኖ እሺ ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ልጄን በሚያዝያ ልድር ነው። የፀጉር ቤት ባለሙያዬ «ጠብታው ጊዜ ይፈጃል፣ ሃያሉሮኒክ አሲዱን ያለ መርፌ በብዕር ፊትሽ ውስጥ እናስገባዋለን» አለችኝ። ላድርገው?

መልስ፦ አያድርጉት። በመርፌ የሚሰጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚቀባው ጋር ስም ቢጋራም ሌላ ነገር ነው፤ ሰንሰለቶቹ ቶሎ እንዳይፈርሱ እርስ በርስ ተቆላልፈው የተዘጋጀ የሕክምና ዕቃ ሲሆን፣ በአሜሪካ ለፊት ሽብሽብ የመጀመሪያው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ነው። ከታች ስለሚቀመጥ የጎደጎደውን በእርግጥ ይሞላል። ነገር ግን በስህተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ የደሙን መንገድ ይዘጋል፤ ቆዳው ሊሞት፣ ወደ ዓይን የሚሄደው ሥር ከተዘጋም ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መሥራት ያለበት የፊትን ደም ሥሮች የሚያውቅና ማሟሚያውን መድኃኒት፣ ማለትም ሃያሉሮኒዴዝን፣ አጠገቡ ያስቀመጠ ሐኪም ነው። በአየር ግፊት የሚረጨው ብዕር ደግሞ ጥልቀቱም አቅጣጫውም አይመጠንም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሰዎች እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ለሠርጉ ዕለት እንግዲህ የሚቀባው ጠብታ በእውነት የሚያገለግልበት ሰዓት ነው። በድርቀት የመጡ ስስ መስመሮችን ለጥቂት ሰዓታት ስለሚያለሰልስ፣ በእርጥብ ፊት ላይ ተቀብተው ክሬም ከደረቡ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይተው ቢኳኳሉ ኩሉም ፓውደሩም ያምርበታል። ለዕለቱ አዲስ ዕቃ አይጀምሩ፤ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት በጆሮዎ ሥር ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሐኪም ትሬቲኖይን የሚባል የፊት ቅባት አዞልኝ ፊቴን እየላጠው ነው። ከሃያሉሮኒክ አሲድ ጋር ይጣላል?

መልስ፦ አይጣላም፤ የሚደጋገፉ ናቸው። በዕድሜና በፀሐይ የመጣን ሽብሽብ ለመቀነስ ከሚቀቡ ነገሮች ሁሉ ብዙ ማስረጃ ያለው ትሬቲኖይን ነው፤ ውጤቱ ግን ወራት ይጠይቃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ያደርቃል፣ ይልጣል። ፊትዎን ታጥበው በእርጥቡ ሃያሉሮኒክ አሲድና ክሬም ይቀቡ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይጠብቁና የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን ትሬቲኖይን ለመላው ፊትዎ ያዳርሱት። መላጡ ከበረታ በሳምንት ወደ ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ያዘዘልዎትን ሐኪም ይጠይቁ። ዕድሜዎን ስላልገለጹልኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለማርገዝ የሚያስቡ ከሆነ ትሬቲኖይኑን አቁመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሃያሉሮኒክ አሲዱን መቀጠል ይችላሉ።